የፋብሪካው ይተኩሳል፣ የእጁ ይከሽፋል፦ ከጅማ በስልክ የተመረመረ ስድስት ጎራሽ

ዳላስ አካባቢ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዛ። የሚጎርሰው 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት ነው። ከሱቅ የተገዛ ጥይት ሲሰጡት ያለ ምንም ችግር ይተኩሳል። ልጁ ራሱ ቤቱ የሞላውን ሲያጎርሰው ግን ከስድስቱ አንዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ይከሽፋሉ። ምላጩን ይስባል፣ መዶሻው ይወድቃል፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ ዝም።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጥቶ ነበር። "ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ፣ አበላሽቼ ነው የሞላሁት" አለኝ። አብረውት ኢላማ የሚተኩሱትም ይህንኑ ነግረውታል። የፋብሪካው እየተኮሰ የእጅ ሥራው ከከሸፈ ሌላ ምን ይባላል?

እኔ ይህ ፍርድ አልተዋጠልኝም። የሚከተለው ለምን እንዳልተዋጠልኝና በመጨረሻ ምን እንደተገኘ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የእኔ ሙያ ሽጉጥ አይደለም። ጅማ መርካቶ አካባቢ ቶርኖ ቤት አለኝ። እንጀራዬ የቡና መፈልፈያ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የተሰበረ ጥርስ ነው። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ሆነ መነካካት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል። ጥይት ቤት ውስጥ መሙላትማ አይታሰብም። እሱ በሚኖርበት ግን ለግል መጠቀሚያ ጥይት መሙላት የተፈቀደ ነው፣ ብዙ ሰው በትርፍ ጊዜው ይሠራዋል። ስለዚህ ብረቱ የተነካው እዚያ ነው። ከጅማ የሄደው ጥያቄ ብቻ ነው። የምንደዋወለው ቅዳሜ ማታ ነበር። እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ገና ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ እሱም ከልምምድ ቦታው ሳይወጣ ያገኘኛል።

ጥይቱ ከምን ይሠራል

ያለዚህ ቀሪው አይገባም። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። የነሐስ ቀለህ፣ ባሩድ፣ ከፊት የሚቀመጠው አረር፣ ከግርጌ የሚገባው ፕራይመር። ፕራይመር ማለት ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ የብረት ቆብ ነው። ለ38 ስፔሻል የሚሆነው ስፋቱ 4.45 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ውስጡ ሲመታ የሚፈነዳ ውሁድ ተቀብቷል። ከውሁዱ በላይ መስፍ የሚሆን እግር ያላት ቁራጭ ብረት ትቀመጣለች። መዶሻው ሲወድቅ የሽጉጡ መርፌ ቆቡን ከውጭ ሲመታው ውሁዱ በቆቡና በመስፉ መሃል ይጨፈለቃል፣ እሳት ይወጣል፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል።

ልብ በሉ፣ ይህ የሚሠራው መስፉ እግሩን መሬት ካስረገጠ ነው። ፕራይመሩ በቀለሁ ግርጌ ወዳለችው ጉድጓድ እስከ ታች ካልገባ መስፉ ተንሳፍፎ ይቀራል። ያኔ የመርፌው ምት ጉልበት ውሁዱን አይጨፈልቅም፣ ፕራይመሩን ወደ ውስጥ ሲገፋ ያልቃል።

ቀለሁ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ተተኩሶ የወጣውን ሰብስበው ያጸዳሉ፣ ወደ ልኩ ይመልሱታል፣ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ይጨምሩበታል። የአክስቴ ልጅ የሚሠራው ይህንን ነው። ባሩዱን በሚዛን እየለካ፣ ከታተመው የአምራቾች ሠንጠረዥ ሳይወጣ ነው የሚሞላው። በዚያ በኩል ልጁ ጥንቁቅ ነው፣ ላመሰግነው ይገባል።

ሻምበል የጠየቁት ጥያቄ

ጎረቤቴ ጡረተኛ ሻምበል ናቸው። በአገልግሎት ዘመናቸው መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ሳሉ ስልኩ ጠራ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩላቸው።

"ሻምበል፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አልኳቸው።

ስለ ጥይቱ አንድም ነገር አልጠየቁም። "ልጄ፣ ሲከሽፍብህ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ምን ታደርጋለህ?" አሉት።

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። "ከፍቼ አየዋለሁ፣ ሻምበል።"

"አይደረግም! አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረ ቆም በል። ሠላሳ ቁጠር። ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ።"

ትክክል ናቸው። ፕራይመሩ ደከም ብሎ ከለኮሰ ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ በስድስት ጎራሽ ላይ ይብሳል፣ ሰው ወዲያው ምላጩን ደግሞ ይስባል። ስድስቱን ጥይት የያዘው ሲሊንደር ሲዞር የከሸፈው ጥይት ከአፈሙዙ ፊት ይሄዳል። በዚያ ቦታ ሆኖ ዘግይቶ ቢፈነዳ አረሩ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ሠላሳ መቁጠር ጀመረ። ሻምበልም በየሳምንቱ "ያ ልጅ ይቆጥራል?" ይሉኛል።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር አስነሣሁ። ከከሸፉት መካከል "ጢሽ" ብሎ ትንሽ ድምፅ ያሰማ አለ ወይ? የለም አለ። ይህን የጠየቅኩት ሌላ በሽታ ስለሆነ ነው። ባሩድ ያልገባበት ጥይት በፕራይመሩ ጉልበት ብቻ አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ወስዶ ሊወትፈው ይችላል። ቀጥሎ የሚተኮሰው ከኋላው ሲመጣ አፈሙዙ ይቀደዳል፣ እጅም አብሮ ይሄዳል። ድምፁ ካነሰ መተኮስ ይቆማል፣ ሽጉጡ ይራገፋል፣ አፈሙዙ ውስጥ ዘንግ ተከትቶ ይታያል። የእኛው ጉዳይ ይህ አልነበረም። ቀጭ ካለ በኋላ ምንም ድምፅ የለም።

የፋብሪካው ጥይት ለሽጉጡ ምስክር ይሆናል?

እኔ ያልተስማማሁበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

ከመስከረም በፊት ቶርኖ ቤቴ በቡና መፈልፈያ ይሞላል። ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ይመጣሉ፣ ጥቅምት ላይ ቀይ ቡና ሳይደርስ ይጠገኑ ነው። አንድ ባለንብረት ማሽኑ ቡናውን ሳይፈለፍል ያሳልፋል ብሎ ያመጣዋል። ከዚያ ሌላ ሰው ትልልቅ ፍሬ ያለው ቡና ያስገባበታል፣ አሳምሮ ይፈለፍላል። "አየህ፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ ቡናህ ነው" ይሉታል። ውሸት ነው። ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ትልቁ ፍሬ ግን ያንን ይሸፍንለታል። ትንሹ ፍሬ ሲገባ ጉዱ ይወጣል።

የፋብሪካው ጥይትም እንዲሁ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ። ፕራይመሩ በማሽን እስከ ታች የገባ፣ ቆቡም ለስለስ ያለ ከሆነ ደካማ ምትም ያስነሣዋል። ስለዚህ "የፋብሪካው ይተኩሳል" ማለት "ሽጉጡ ጤነኛ ነው" ማለት አይደለም። ምቱ ለዚያ ጥይት በቃው ማለት ብቻ ነው።

ልጁ አልወደደውም። ሽጉጡን ገና መግዛቱ ነው፣ ማን ይወዳል?

ምርመራው

ሁለቱን መለየት ነበረብን። ምቱ ነው የደከመው ወይስ ጥይቱ ነው የተበላሸው?

መጀመሪያ ያስደረግኩት ቀላል ነገር ነው። የሲሊንደሩን ስድስት ጉድጓዶች በማርከር ቁጥር እንዲጽፍባቸው አልኩት። የሚከሽፈው ሁልጊዜ በአንዱ ጉድጓድ ከሆነ ችግሩ ከሲሊንደሩ ነው፣ ጥይትም ሞላም መመርመር አያስፈልግም። የሳምንቱ መልስ ሲመጣ ክሽፈቱ በየጉድጓዱ ተበትኗል። ሲሊንደሩ ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ የከሸፉትን ደግመህ ምታቸው አልኩት፣ ሠላሳውን ከቆጠርክ በኋላ። አብዛኞቹ በሁለተኛው ምት ተኮሱ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ፕራይመሩ የሞተ ቢሆን፣ ዘይት ወይም እርጥበት ገብቶበት ቢሆን በሁለተኛውም አይነሣም ነበር። በሁለተኛው የሚነሣው በአንደኛው ምት ወደ ቦታው የተገፋ ፕራይመር ነው። ልጁ ቀለሁን ሲያስተካክል የሚቀባው ቅባት ፕራይመሩን ገድሎት እንደሆነ ሲሰጋ ከርሟል። ያንን ስጋት እዚህ ላይ ዘጋነው።

ጥይቶቹን መስታወት ላይ በግርጌያቸው አቁማቸው አልኩት። ደህናው ጥይት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፕራይመሩ ወጣ ያለበት ግን ይወዛወዛል፣ ሆዱ ላይ ነዋ የቆመው። በቪዲዮ አሳየኝ። ከሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ይወዛወዛሉ። ጣቱን ሲያሳልፍባቸውም ይታወቀዋል። ፕራይመር ከቀለሁ ግርጌ ጋር እኩል መሆን፣ እንዲያውም የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። እነዚህ ወደ ውጭ ናቸው።

ያኔ ነው ልጁ አንድ ነገር ትዝ ያለው። "ለካ ለዚህ ነው ሲሊንደሩ አንዳንዴ አልዞር የሚለው!" ወጣ ያለው ፕራይመር ከኋላ ካለው ብረት ጋር ይፋተጋል፣ መዞሩን ያከብደዋል። ይህን ከመጀመሪያው ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ሳምንት እንቆጥብ ነበር። ሰው ግን አንዱን ችግር ከሌላው ጋር ካላገናኘው አይናገረውም። እኔ ጋ የሚመጡት ባለማሽኖችም እንዲሁ ናቸው።

ፕራይመሩ ለምን አልገባም? የቀለሁን የግርጌ ጉድጓድ አሳየኝ አልኩት። ጥቁር ነው። የበፊቱ ተኩስ ጥቀርሻ ከታች ደርቆ ተቀምጧል። ቀለሁን ከውጭ አሳምሮ ያጥባል፣ ያብለጨልጨዋል፣ ጉድጓዱን ግን አይጠርግም። በዚያ ላይ ፕራይመሩን የሚያስገባው በትልቁ መጫኛ፣ ጥይት በሚሞላበት ባለ ክንድ ማሽን ነው። የመጫኛው ክንድ ረጅም ስለሆነ ፕራይመሩ ታች ሲነካ እጅ ላይ አይታወቅም። ሲጠብቅ ገባ ብሎ ያቆማል። የጠበቀው ግን ጥቀርሻው ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ ልጁ ትክክል ነበር፣ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ያላቆምኩት ከሚወዛወዙት ውስጥ የማይከሽፉም ስለነበሩ፣ ከማይወዛወዙት ውስጥ ደግሞ አልፎ አልፎ የሚከሽፉ ስለነበሩ ነው።

የመርፌው አሻራ

የተተኮሰ ፕራይመር ላይ የመርፌው ጉድጓድ ይቀራል። ጥልቅና ክብ ከሆነ ምቱ ጤነኛ ነው። ልጁ የፋብሪካውን ቀለሆች ከጓደኛው ተመሳሳይ ሽጉጥ ከወጡት ጎን ደርድሮ ፎቶ ላከልኝ። አጉልቼ አየሁት። የጓደኛው ጉድጓድ ጥልቅ ነው። የእሱ ሰለል ያለ። የፋብሪካውም ጥይት በአፋፍ ላይ ሆኖ ነው ለካ የሚተኩሰው!

ሌላም ማረጋገጫ ነበር። እንዲህ ያለው ሽጉጥ በሁለት መንገድ ይተኮሳል። መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ምላጩን መንካት ይቻላል። ወይም ምላጩን ብቻ ረጅም ስቦ መዶሻው ራሱ ተነሥቶ እንዲወድቅ ማድረግ። በሁለተኛው መንገድ መዶሻው የሚመለሰው ትንሽ አጠር ያለ ርቀት ነው፣ ስለዚህ ምቱም ትንሽ ይቀንሳል። ልጁን ለይተህ መዝግብ አልኩት። ክሽፈቱ በብዛት በሁለተኛው መንገድ ላይ ወደቀ። የጥይት ችግር ብቻ ቢሆን እንዲህ አያዳላም።

እንግዲህ ሞላው ነው። መዶሻውን የሚገፋው የዚህ ሽጉጥ ዋና ሞላ እጀታው ውስጥ ያለ ጠፍጣፋ ሞላ ነው። ከእጀታው የፊት ጠርዝ፣ ከታች በኩል፣ ሞላውን ገፍቶ የሚያስጨንቀው ትንሽ ብሎን አለ። ይህ ብሎን እስከ መጨረሻው ጠብቆ መቆየት አለበት። አንዳንድ ባለቤቶች ግን ያላሉታል፣ ምላጩ ለጣት ይቀላቸዋላ። ምላጩ ሲቀል መዶሻው ደግሞ ይሰንፋል።

"ሽጉጡን አራግፍ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ፣ ካቻቢቴ ያዝና ያንን ብሎን ሞክረው" አልኩት።

ከአንድ ዙር በላይ ዞረ። የድሮው ባለቤት ያላላው መሆን አለበት። ልጁ ሲገዛው "ምላጩ እንዴት ያለ ለስላሳ ነው!" ብሎ የተደሰተበት ነገር ይኸው ነው።

አንዱ ብቻ በቂ አልነበረም

እዚህ ላይ ልጁ ብሎኑን አጥብቆ፣ ጉድጓዱንም ጠርጎ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አስተካክሎ ሊገላገል ፈለገ። ከለከልኩት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብታስተካክል የትኛው ምን ያህል እንዳጠፋ በምን ታውቃለህ? ነገ ሌላ ሽጉጥ ቢመጣ ከየት ትጀምራለህ?

ስለዚህ ለያይተን ሞከርን። ብሎኑ ጠብቆ በድሮዎቹ ጥይቶች ሲተኩስ ክሽፈቱ በጣም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ብሎኑን መልሶ አላልቶ በንጹሕ ጉድጓድ እስከ ታች በገቡ አዳዲስ ጥይቶች ሲሞክር ደግሞ ምላጩን ረጅም ሲስብ ብቻ አልፎ አልፎ ይከሽፋል። ብሎኑ ጠብቆ በአዲሶቹ ሲተኩስ አንድም አልከሸፈም። ልጁ እስኪሰለቸው ተኮሰ፣ ምንም።

ከሁለቱ አንዱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ሌላው ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ይቆይ ነበር። ጠንካራ ምት ያለው ሽጉጥ ወጣ ያለውን ፕራይመር ብዙ ጊዜ በአንድ ምት ገፍቶም ለኩሶም ያልፈዋል። ጥሩ የተሞላ ጥይት ደግሞ ደካማውን ምት ይታገሠዋል። ሁለቱ ጉድለቶች በአንድ ሽጉጥ ላይ ተገናኙና ጉዱ ወጣ።

ሦስተኛ ነገርም ነበር፣ ጥፋት ባይሆንም። የፕራይመር ቆብ ጥንካሬ ከአምራች አምራች ይለያያል። በተኳሾች ዘንድ የፌደራል ለስለስ ያለ፣ የሲሲአይ ጠንከር ያለ በመሆን ይታወቃሉ። የእሱ ጠንካራው ነበር። ጠንካራ መሆኑ ጉድለት አይደለም፣ ጤነኛ ምት ያለው ሽጉጥ ያለ ችግር ያስነሣዋል። በላላ ሞላ ላይ ግን ትንሿም ልዩነት ትቆጠራለች። አንዳንዱ ሰው ለስላሳውን ገዝቶ ችግሩን ይዘጋል። እኔ አልመክርም። ሞላው እንደላላ ይቀራል፣ ሌላ ቀን ሌላ ጥይት ሲገባ ይመለሳል።

አሁን ልጁ ጉድጓዱን በትንሽ መጥረጊያ ሳይጠርግ ፕራይመር አያስገባም። የሚያስገባውም በእጅ በሚጨበጠው መሣሪያ ነው፣ ታች ሲነካ መዳፉ ላይ ይሰማዋል። እያንዳንዱን ጥይት መስታወት ላይ ያቆማል። ብሎኑንም ሽጉጡን ባጸዳ ቁጥር ይነካዋል፣ በንዝረት ሊላላ ይችላልና። ምላጩ እንደከበደው ነግሮኛል። ይክበደው።

የቀረው የድሮው ሳጥን ነበር። ብዙ የሚወዛወዙ ጥይቶች ያሉበት።

"ጋሼ፣ ፕራይመራቸውን በመጫኛው ገፋ ባደርጋቸውስ? ባሩዱም አረሩም ውስጣቸው ነው፣ ልፋቴ ይቀርልኝ ነበር።"

በዚህ አልቀለድኩም። የተሞላ ጥይት ፕራይመር አይገፋም፤ ለመመታት የተሠራ ነገር ነው፣ ሲጫኑት ቢነሣ አረሩ ወደ ማን እንደሚሄድ አይታወቅም። አንድ በአንድ ፍታቸው አልኩት። ለዚህ የሚሆን ባዶ ራስ ያለው የፕላስቲክ መዶሻ አላቸው፣ ጥይቱን ውስጡ ከትተው ሲመቱ አረሩ ወደ ፊት ይለቃል። አረሩን አስቀረ። ባሩዱን ከአዲሱ ጋር ሳይቀላቅል ግቢው ሣር ላይ ስስ አድርጎ በተነው። ፕራይመር ብቻ የቀረባቸውን ቀለሆች ደግሞ ልምምድ ቦታው ወስዶ በሽጉጡ መታቸው፣ እየቆጠረ።

ሻምበል ይህን ስነግራቸው የጠየቁኝ ሠላሳውን ስለ መቁጠሩ ነው። ይቆጥራል አልኳቸው።